አላበደችም፤ ክትባት ግን ያስፈልጋት ነበር

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፡- ለውሻና ለድመት ቋሚ የክትባት ቀን እንዲኖር ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ። መንገዱ አለ፣ ውኃው አለ፣ እምቦጩ አለ። እኔ ደግሞ ስለ አንዲት ድመት ልጽፍልዎ ነው። ቢስቁም አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ድመቷ ያደገችው ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ነው። ጀልባና ታንኳ ሲገባ ቀረሶውና አምባዛው ይወርዳል። ፊሌቶው ወደየሆቴሉ ይሄዳል፣ አንጀቱና ጭንቅላቱ እዚያው ይጣላል። ያን ለመሻማት ፔሊካኑም፣ አባ ኮዳውም፣ ድመቱም ይሰበሰባል። በጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ውሾቹም ይጨመራሉ። ይህች ግራጫ ድመት በዚህ ግርግር መሃል አራት እግሯን አንፈራጣ ትቆማለች። ስትራመድ ወደ ጎን ትንገዳገዳለች። የዓሣ ቁራጭ ፊቷ ሲወድቅ ጭንቅላቷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ወደ ቁራጩ በቀረበች ቁጥር ይብስባታል። አንዴ ድንጋዩን ትነክሳለች፣ አንዴ አየሩን። ልትይዘው ስትል አባ ኮዳው ቀድሟት ይወስደዋል። ፀሐይ ላይ ስትተኛ ግን መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር የለም። ቆማ ያላያት ሰው ምንም እንደሌለባት ይምላል።

ዓሣ አጥማጆቹ "ሰካራሟ" ይሏታል። ለጨዋታ ነው እንጂ አንጀት የሚወረውሩላትም እነሱው ናቸው። አላፊ አግዳሚው ግን "አብዳለች" ይላል። ልጆች ድንጋይ የሚያነሱባት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው "ሰው ሳትነክስ መርዝ ቢጤ ይጣልላት እንጂ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ዕለት በካርቶን አድርጌ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ያሳየኋቸው የእንስሳት ሐኪም እንደነገሩኝ ችግሩ ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ያለ ነው። እናት ድመት እርጉዝ ሳለች ፓንሉኮፔኒያ የሚባል የድመቶች ቫይረስ ሲይዛት የልጆቿን ትንሹን አንጎል ይጎዳዋል። ትንሹ አንጎል ከኋላ በኩል ያለው፣ ሚዛንና እንቅስቃሴ የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። የተጎዳ ግልገል ዕድሜውን ሙሉ ይንገዳገዳል። ነገር ግን ከዓመት ዓመት እየባሰ አይሄድም፣ አያመውም፣ ቫይረሱም ሰው አይዝም።

የእብድ ውሻ በሽታ ግን ሌላ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ እንስሳው በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት 10 ቀን ተለይቶ ይጠበቅ የሚባለውም ለዚህ ነው። የተነከሰው ሰው ግን አሥሩን ቀን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ወደ ድመቷ ስመለስ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከግልገልነቷ ጀምሮ ስትንገዳገድ ያውቋታል። በእብድ ውሻ በሽታ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አፈር በልቷታል።

ስትንገዳገድ መኖሯ ግን ወደፊት ከበሽታው አያድናትም። ከታመመ ውሻ ጋር አንድ የዓሣ ጭንቅላት ስትሻማ ከነከሳት በቂ ነው። ስለዚህ ክትባት ፍለጋ ጀመርኩ። ዋናው ጉዳዬም እዚህ ላይ ነው፣ ክቡር ከንቲባ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን ልተወው። እንደ አብዛኞቹ ክሊኒኮች ደንበኞቹ በሬ፣ በግና ዶሮ ናቸው። ባለሙያው ድመቷን አይቶ ፈገግ አለና ፍሪጁን ከፍቶ ብልቃጡን አሳየኝ። "ይሄ የአሥር እንስሳ ነው። አንዴ ከተከፈተ አይቀመጥም። ለአንድ ድመት ብዬ ዘጠኙን ልድፋ?" አለኝ። ንድድ አለኝ፣ ግን ምን እመልስለታለሁ? ሰውዬው ልክ ነው። "ሌሎቹን ፈልጌ ባመጣስ?" አልኩት። "ብታመጣማ እሰየው!" አለ።

ሰፈር ዞርኩ። መቼም የባሕር ዳር ሰው ለነገር አያንስም። ግማሹ ሳቀብኝ። ግማሹ ግን "ውሻ ይከተባል እንዴ? የት? በስንት?" ብሎ ጠየቀ። በቀጠሮው ቀን ውሻ በገመድ፣ ድመት በጆንያና በዘንቢል እየተያዘ መጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ውሻ አልጭንም ብሎ ሲከራከር ቆይቶ ማምሻውን የራሱን ውሻ ይዞ ከች አለ። አንዲት እናትም ዶሮ ይዘው መጥተው ነበር፤ አስረድተን በሰላም ሸኘናቸው። ብልቃጡ ተከፈተ፣ አለቀ፣ ሰልፍ ላይ የቀሩም ነበሩ። ሰው እንስሳውን ማስከተብ ጠልቶ አይደለም። ቀኑንና ቦታውን የሚነግረው አጥቶ ነው።

ድመቷ ቤት ያገኘችውም በዚያው የክትባት ካርድ ነው። አከራዬ እንስሳ በግቢዬ አይኖርም ብለው ነበርና የሚያሳድጋት ሰው ስፈልግ ሁሉም "አብዳ ቢሆንስ?" እያለ ይመልሰኝ ነበር። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ግን ካርዱን መነጽራቸውን አድርገው፣ ማኅተሙን ሳይቀር አገላብጠው አዩና "በሉ አስገቧት" አሉ። ቤታቸው ደረጃ የለውም፣ ግቢው አጥር አለው። ሊሾው እንዳያንሸራትታት ጆንያ አንጥፈውላታል። ሳህኗን ስትገለብጥባቸው ከባድ የሸክላ ገበታ ሰጧት። አሁን ተኝታ ነው የምትበላው፤ ተኝታ ስትበላ አፏ አይስትም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በየክፍለ ከተማው በወር አንድ የታወቀ የክትባት ቀን ይኑር። ቀኑ ከታወቀ ባለ ውሻውም ባለ ድመቱም ይመጣል፣ ብልቃጥ አይደፋም፣ ባለሙያውም አይሰስትም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉት። ቢጠሩ ለእነሱም ልምምድ ነው። መነሻ ቀን ካስፈለገም መስከረም 18 አለ። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 የሚታሰበው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በመስቀል ማግስት ነው። ሰውም ቤቱ ነው፣ ውሻውም አጥንት ጠግቦ ተኝቷል።

ሌላው የመርዙ ነገር ነው። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መግደል በአገራችን ከተሞች የቆየ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን መግደል በሽታውን እንደማይቆርጠው ደጋግሞ ተናግሯል። አንድ ሰፈር ባዶ ሲሆን ከጎረቤት ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ይገቡበታል፣ የተከተበውም አብሮ ይሞታል። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶውን በየጊዜው መከተብ ከተቻለ ስርጭቱ ይቆማል። የተነከሰ ልጅን ማሳከም ደግሞ ውሻውን ቀድሞ ከመከተብ እጅግ ይወደዳል።

መርዝ የተቀባ ሥጋ ሐይቁ ዳር ሲጣል ደግሞ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም። ድመት ያነሳዋል፣ አባ ኮዳ ያነሳዋል፣ እግዜር አያድርገውና ልጅም ሊነካው ይችላል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ቢያንስ ከዳርቻው መርዝ ይከልከልልን። "አብዷል" የተባለ እንስሳም ከመገደሉ በፊት ለባለሙያ ጥቆማ የሚሰጥበት አንድ ስልክ ቁጥር ይኑረን።

ለመጀመሪያው የክትባት ቀን ድምፅ ማጉያ ይዞ በባጃጅ ሰፈር ለሰፈር የሚለፍፍ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ። ውሻ አልጭንም ያለው ሹፌርም እሺ ብሏል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ

ግልባጭ፡-
ለከተማው ግብርና መምሪያ
ለከተማው ጤና መምሪያ