ግማሽ ዋት ይበቃናል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በተለምዶ ዎኪ ቶኪ የምንላቸው ርካሽ የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች በመሀል አዲስ አበባ የጥበቃ ሠራተኞች ብቻ መሣሪያ መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ የሠርግ አስተባባሪው፣ እሑድ እሑድ እንጦጦ የሚወጣው የእግር ተጓዥ ቡድንና በበዓላት ሕዝብ የሚያስተናግዱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ይዘዋቸው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ገዢው በየትኛው ሞገድና በምን ያህል ኃይል መነጋገር እንደሚፈቀድለት ሻጩ አይነግረው፣ እሱም አይጠይቅ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አነስተኛ ኃይል ላላቸው የእጅ ሬዲዮዎች ጥቂት የጋራ ቻናሎችን ለይቶ፣ ማንም አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሞባይል ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ካለ፣ ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ፣ ወይም የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ላይ ቆሞ ስልክ ለመደወል ይሞክር። ስልክ የሚሠራው በአቅራቢያው ባለው ማማ በኩል ስለሆነና አንድ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው የተወሰነ ስለሆነ፣ ሕዝብ በበዛበት ቦታ መስመሩ ይጨናነቃል። የእጅ ሬዲዮ ግን ማማ አያስፈልገውም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ይደርሳል፣ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገርም ቻናሉ ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰሙታል። የጠፋ ሕፃን ለሚፈልጉ ሃያ አስተባባሪዎች ይህ ለአንድ ሰው ብቻ ከሚደርስ የስልክ ጥሪ እጅግ ይሻላል።

አብዛኛው ገዢ የሚታለለው በርቀቱ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚታተሙት ኪሎ ሜትሮች በተራራና በተራራ መካከል፣ ምንም በማይከልልበት ቦታ የሚገኙ ናቸው። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥታ ይጓዛል እንጂ የመሬትን ጉብታ ተከትሎ ሩቅ አይሄድም። በተንጣለለ ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ፣ ሬዲዮው ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢያዝ፣ የምድር ክብነት የሚፈቅድላቸው 10 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የሚወስነው ሲሚንቶውና ብረቱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለገሃር ካለው ጓደኛው ጋር ያለችግር ሊነጋገር ይችላል፤ ያው ጓደኛው ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ጀርባ ሲዞር ድምፁ ይቆራረጣል፣ መስቀል አደባባይ ሥር ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ሲወርድ ደግሞ ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የእንጦጦ ጫፍ ከተማው ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ትንሿ ሬዲዮ ጉድ ታሰኛለች፤ ከሸንተረሩ ማዶ ወርዶ ባሕር ዛፍ ውስጥ ለገባ ተጓዥ ግን ያችው ሬዲዮ ዋጋ የላትም።

በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚሮጠው ኃይሏ የበዛ ሬዲዮ ፍለጋ ነው። የሞገድ ባሕርይ ግን እንዲህ አይደለም። ኃይሉ ከግማሽ ዋት ወደ አምስት ዋት፣ ማለትም አሥር እጥፍ ቢያድግ፣ ሕንፃ በበዛበት ከተማ ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል፣ የሌላውን ሰው መስመር የመረበሹ ዕድልም ይሰፋል። አንቴናውን ቀጥ አድርጎ ከራስ በላይ ማንሳት፣ ከሕንፃው ጥግ ወጣ ማለት፣ ወይም በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች የላይኛው ረድፍ ላይ አንድ አስተባባሪ አቁሞ መልእክት እንዲያቀብል ማድረግ ከተጨማሪው ዋት የበለጠ ይጠቅማል። ለበዓል አስተናጋጅና ለእግር ተጓዥ ግማሽ ዋት ይበቃል የምለውም ለዚህ ነው።

ገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ ርካሽ ሬዲዮዎች ግን ከዚህ የራቁ ናቸው። አንዳንዶቹ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ እንዲሁም ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ሰፊ ክልል ገዢው ወደፈለገበት ሊስተካከሉ ይችላሉ። የአውሮፕላን አብራሪዎች የሚነጋገሩበት ሞገድ እስከ 137 ሜጋኸርዝ እንደሚደርስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጡትም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። በአሜሪካ ለሕዝብ የተተወው በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሲሆን፣ በአውሮፓ ደግሞ 446 ሜጋኸርዝ ነው፤ በአንዱ አገር ለሁሉም ክፍት የሆነው ሞገድ በሌላው አገር የድርጅት ወይም የመንግሥት መስመር ሊሆን ይችላል።

ሻጮች «የሚስጥር ኮድ አለው» እያሉ የሚያሻሽጡት ነገርም መታረም አለበት። ይህ ኮድ የሌሎችን ድምፅ ከእኛ ጆሮ ያርቃል እንጂ የእኛን ንግግር ከሌሎች አይደብቅም፤ ያንኑ ቻናል ያለ ኮድ የከፈተ ሁሉ ይሰማናል። ስለዚህ የጠፋ ሕፃን ሙሉ ስምና የወላጁ ስልክ ቁጥር በሬዲዮ ሊነገር አይገባም። የልብሱ ቀለምና የሚፈለግበት ቦታ በቂ ነው።

የጸጥታ ሥጋት ያላቸው ወገኖች ሁሉንም መከልከል ይቀላል ሊሉ ይችላሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን ሕጋዊ መንገድ ያላገኘ ገዢ የሚሄደው ወደዚያው ባለ አምስት ዋቱ፣ ወደፈለጉበት ወደሚዞረው ሬዲዮ ነው። የአውሮፓ አገሮች በ446 ሜጋኸርዝ ላይ ኃይሉን በግማሽ ዋት ገድበው፣ አንቴናው እንዳይነቀል አስገድደው፣ ከዚያ ወዲያ ተጠቃሚውን ፈቃድ አይጠይቁትም። ለተቆጣጣሪም የሚቀለው ይህ ነው፤ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው በዓይን መለየት ይቻላልና። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ኃላፊነት ስለተሰጠው፣ ጉዳዩ የእሱ ነው። የሚያሠለጥን ቢታጣ እንኳ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ግቢ ኢቲ3ኤኤ በሚል መለያ ይታወቅ የነበረው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ የዚህ ዕውቀት ባለቤቶችን ያፈራ ነው።

ዝግጅት ክፍሉ ጥያቄዬን ለባለሥልጣኑ አቅርቦ፣ የትኞቹ ቻናሎች፣ በስንት ዋት፣ ለማን እንደሚፈቀዱ የሚሰጠውን መልስ ከከተራ በፊት ቢያትምልን፣ የየሰፈሩ አስተባባሪዎች ሬዲዮ ከመግዛታቸው አስቀድመው ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ