እንቁላሉ ለቋታል፣ ኦቾሎኒው ግን ገና ነው

ከቶሮንቶ
ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጅማ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ልጄ ስለ ሊያ የምግብ አለርጂ በስልክ «ልጅ አይደለች እንዴ? ስታድግ ይተዋታል» ያልሽኝን ሳስብ ሰነበትኩ። እውነትም አለው። የወተት፣ የእንቁላልና የስንዴ አለርጂ አብዛኞቹን ልጆች ይለቃቸዋል፤ አንዳንዱን ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ሌላውን በአሥራዎቹ ዕድሜ። ሊያንም እንቁላሉ ለቋታል! መጀመሪያ ኬክ ውስጥ የተጋገረውን ቻለችው። በደንብ የተጋገረ እንቁላል ለብዙ ልጆች ይቀላል። ኋላ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሟ እያየቻት የተቀቀለውን በትንሽ በትንሹ አበሏት፤ ሰዓታትም ጠበቅን። ምንም አልሆነችም። የደስታ እንባ አነባሁ። ዶሮ ወጥሽን ከነእንቁላሉ ትበላልሻለች።

ኦቾሎኒው ግን ሌላ ነው። የሚለቀው ከ5 ልጆች 1 ያህሉን ብቻ ነው። የሊያ የደም ምርመራ አሁንም ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪሟ «ገና አይሞከርም» ብላለች።

አንቺ ጋ ስንመጣ የሚያስፈራኝ የሰፈሩ ደግነት ነው። እትዬ ዘይነባ ቡና ሲፈላ ልጅ አይታ ኮሎ ሳትዘግን አታልፍም፤ ኮሎው ውስጥ ደግሞ ኦቾሎኒ አይጠፋም። ጉርሻውም አለ። እባክሽ ለሁሉም አስቀድመሽ ንገሪልኝ። «ትንሽ ምን ታደርጋታለች» ብሎ የሚሞክራት እንዳይኖር። ባለፈው ቀላል ስለነበር የሚቀጥለውም ይቀላል ማለት አይደለም። ለቡና ቁርስ ከሂርማታ ገበያ ገብስ ገዝተሽ ራስሽ ቁዪልን።

የአድሬናሊን መርፌዋ ከቦርሳዬ አይወጣም። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ጉሮሮዋ ካበጠ ወዲያው ጭኗን እንወጋታለን። ከዚያ ቢሻላትም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ተመልሶ ሊነሳባት ይችላላ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እያልን ጊዜ አንፈጅም፣ እማዬ።

ለእህቴም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ልጇ 6 ወር የሚሞላው እኛ ከተመለስን በኋላ ነው። በሊያ ምክንያት ፈርታ እንቁላልና ኦቾሎኒ እንዳታዘገይበት። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ የለንደን ጥናት ኦቾሎኒ በሕፃንነታቸው የጀመሩ ልጆች አለርጂው በጣም እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። ልሞ ገንፎው ውስጥ ይግባ እንጂ ፍሬውን አትስጠው፣ ያንቀዋል። ቆዳው ክፉኛ የሚያሳክከውና የሚቆስል ከሆነ ግን ቀድማ ሐኪም ታማክር።

ትኬቱን እንደቆረጥኩ እደውላለሁ። እስከዚያው ሽሮ የምታስፈጪበት ወፍጮ ቤት ኦቾሎኒም ይፈጭ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ናፋቂሽ ልጅሽ