ግልጽ ደብዳቤ፦ የእጅ መታጠብ ጥናት ቤታችን ይግባ

ይድረስ ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቤት ውስጥ ያለን የእጅ መታጠብ ልማድና የበሽታ መተላለፍ እንዲጠና ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ ከተማው በጥቂት ቀን ውስጥ ተቀየረ። ባንክ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆመ። ሱቅ በር ላይ ጀሪካን ተሰቀለ። ጥበቃው ሳይታጠቡ ወይ ፍንክች አለ። እናንተም በየቀኑ ስንት ሰው እንደተመረመረና ስንቱ እንደተያዘ ትነግሩን ነበር። በዚያ ጊዜ ለለፋችሁት ልፋት ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቤታችን ነው። ባንክ ስንገባ የታጠብነውን ያህል ቤት ስንገባ ታጥበናል ወይ? አንድ ሰው ሲታመም ከቀረው ቤተሰብ ስንቱ ተያዘ? በስንት ቀን? በእጅ ነው ወይስ በትንፋሽ? ኮሮና በዋናነት በአየር እንደሚተላለፍ አሁን ይታወቃል። ጉንፋንና ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን ግን በእጅም ይሄዳሉ። የቱ በየትኛው መንገድ ቤታችንን እንደሚያዳርስ ሳናውቅ ቀጣዩ ወረርሽኝ ከመጣ፣ ምክራችን መልሶ ያው «እጃችሁን ታጠቡ» ይሆናል።

የእኛን ገበታ አስቡት። ምግብ ሲቀርብ ከቤቱ ልጆች አንዱ ጆግና ሳፋ ይዞ ይመጣል። ከትልቅ ሰው ይጀምራል። ውሃው ጣት ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ እንግዳው «ይበቃል፣ እደግ» ይላል፣ ልጁ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሳሙናው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተበላ በኋላ ነው፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ። ፎጣውም አንድ ነው፤ ከአስታጣቢው ትከሻ ይነሳና ሁሉም ይጠርግበታል። ከዚያ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን፣ እንጎራረሳለን። ይህን ወግ እወደዋለሁ፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን ሳሙናው ከመብላት በፊት ቢመጣ፣ ፎጣው ለየብቻ ቢሆን፣ ምን ያህል ሕመም ይቀንሳል? ትሪ በማይጋሩ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን አይመልስልንም።

በሌላ አገር የተሠሩት ግን መንገዱን ያሳያሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በኢንተርኔት የእጅ መታጠብ ምክር ካገኙት 51 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 59 በመቶው በ16 ሳምንት ውስጥ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በ259 ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ እጅ መታጠብና ማስክ ጉንፋንን ቤት ውስጥ የቀነሱት የመጀመሪያው ሰው ምልክት ባሳየ በ36 ሰዓት ውስጥ ለጀመሩት ነው። ለዘገየ ቤተሰብ እምብዛም አልረዳም። ባንኮክ ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ ለውጥ አልታየም። ተመራማሪዎቹ ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ቤተሰቡ አብሮ መተኛቱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው የሚያድርበት ከተማ ውስጥ ነን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ ሰፈር በሳምንት አንዴ። ጀሪካን ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ለወጥ ነው፣ ለልብስ ነው ወይስ ለእጅ? እናት ስትመድብ እጅ መጨረሻ ላይ ቢመጣ አይፈረድባትም። ስለዚህ ከሆንግ ኮንግ ይልቅ የባንኮኩ ውጤት ለእኛ ይቀርብ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ስጋት ግን ማስረጃ አይሆንም፤ መለካት አለበት።

ሰውን «ትታጠባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ማን አልታጠብም ይላል? ባንግላዴሽ ውስጥ ተመራማሪዎች ውስጡ የእንቅስቃሴ መለኪያ የተቀበረበት ሳሙና ለቤተሰቦች ሰጥተው ነበር። ተመልካች ቤት ውስጥ በተቀመጠበት ቀን ሳሙናው ከሌላው ቀን በላይ ተንቀሳቀሰ። የእኛም ሰው እንግዳ አክባሪ ነው፤ መጠይቅ ይዞ ለመጣ ሰው ደስ የሚለውን ይመልሳል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የጉንፋን ቅኝት የምታካሂዱባቸው ጤና ተቋማት አሏችሁ። ወረርሽኝ ሳትጠብቁ ከእነሱ ጀምሩ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲመጣ፣ ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሳይመሽ ቤት ድረስ ሂዱ። በዕጣ ለተመረጡት ቧንቧ ያለው ባልዲ፣ ሳሙናና የየግል ፎጣ ስጡ። ሌሎቹ የተለመደውን ምክር ያግኙ፤ ጥናቱ ሲያልቅ እነሱም ዕቃው ይሰጣቸው። ሳሙናው ተራ ቢሆንም ችግር የለውም። ካራቺ ላይ በተደረገ ሰፊ ሙከራ ተራውም ፀረ ባክቴሪያውም ሳሙና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሳንባ ምች በግማሽ ያህል ቀንሰዋል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ዋናው መኖሩና ከመብላት በፊት እጅ ላይ መድረሱ ነው።

የቀበሌ ቤትም፣ ኮንዶሚኒየምም፣ ገጠርም ይግባበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በር ያንኳኳሉ፣ ቤተሰቡን በስም ያውቁታል። ግን ደመወዛቸው ላይ ሌላ ሥራ በነፃ አትጫኑባቸው፤ ለጥናቱ ጊዜ ተገቢው አበል ይከፈላቸው። የውሃ ፈረቃው ቀንም ይመዝገብ። ያለዚያ ውሃ ያጣውን ሰው ሰነፍ አድርገን እንጽፈዋለን።

ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይውጣ። «አልሠራም» የሚል ከሆነም ይነገረን። ሳሙና ብቻውን ካልበቃ፣ መስኮት መክፈትና የታመመውን ለይቶ ማስተኛት ላይ ገንዘቡን ማዋል ይሻላል።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ካላችሁ በይፋ አሳውቁን። ከሌላችሁ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በፊት ለጥናቱ የሚሆን ገንዘብ እንድታስይዙ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ