አሮጌ መኪና ይዛችሁ ወደ ላሊበላ ለምትወጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ገና ሲቃረብ ቮልሶች፣ ፔጆ 404ዎች፣ አልፎ አልፎም የድሮ ላንድሮቨሮች ተሰባስበው በደሴ በኩል ወደ ላሊበላ የመውጣት ሐሳብ ይነሳል። ስለ እንዲህ ያለው ጉዞ ሲጻፍ የመኪኖቹ ቀለምና ዕድሜ ይወሳል፤ ፍሬናቸው ግን አይነሳም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በጋራዥና በመሪ የምንተዳደር ሰዎች ስለሆንን፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቢነበብ የምንለውን ልከናል።

ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ከካርቡሬተሩ እንጀምር፤ አትንኩት። የውጭ አገር የጥገና መጽሐፍ ተራራ ለሚወጣ ሰው ቤንዚኑን እንዲቀንስ ይመክራል፤ ምክሩ ግን ከባሕር ጠረፍ ለሚነሳ ነው። አዲስ አበባ ውላ የምታድር መኪና 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተስተካክላለች፤ ደሴም 2,500 ገደማ ስለሆነች ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቆላ ሲወርዱ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ከአዲስ አበባው ከአሥር በመቶ በላይ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይግላል። ለደጋ ተብሎ ታይሚንጉ (ሞተሩ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበት ጊዜ) ወደፊት ከተገፋ ደግሞ አቀበት ላይ ነዳጅ ሲረግጡለት ማንኳኳት ይጀምራል። ያን ድምፅ ችላ ብሎ መንዳት ቫልቭ ያቃጥላል፣ ፒስተን ይበሳል። ታይሚንጉን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ወደኋላ መመለስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለማረጋገጥ ሞተሩ በደንብ ከሠራ በኋላ በስራ ፈት ሳታቆዩ አጥፉትና አንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፍቱ፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል።

ዋናው ጉዳያችን ፍሬን ነው። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሲመለሱ ደግሞ ከጋሸና በድልብ ወደ ወልድያ፣ ቀጥሎም ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ አለ፤ ይህ የመጨረሻው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። አሮጌ መኪና የሚቆመው በታምቡር ነው፤ ይህ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት ሲሆን ሸራ ከውስጥ እየገፋ ያቆመዋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ከቀድሞው የበለጠ ይሰምጣል። በዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ በኋላ ቧንቧው ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው፤ እግር የሚረግጠውም እሱን ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች ደግሞ ለአራቱም እግር አንድ መስመር ብቻ ስላላቸው፣ አንድ ጎማ ጋ ያለ ጎሚኒ (የፍሬን ዘይቱን የሚያግደው ትንሽ ላስቲክ) ቢያፈስ አራቱም ፍሬን አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ አንድ ሊትር አጥቦ ለማውጣት ይበቃል። አየር ሲወጣ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪው ግራ በሆነ መኪና ይህ የኋላው ቀኝ ነው። የሞተር ዘይት አትጨምሩበት፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ፍሬኑን ያስርባችኋል። የእጅ ፍሬኑን ገመድም አጥብቁት፣ እግሩ እንቢ ሲል የሚቀረው እሱ ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሹፌሮች ደንብ አሁንም ይሠራል። ቮልስ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ። ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ የሚወዱ አሉ፤ የሚተርፈው አንድ ሁለት ብርጭቆ ነው። ፍሬኑን ሳይለቁ ማሻሸትም ያው ጥፋት ነው፤ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ታምቡሩ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ድንጋይ አስደግፉ። የእጅ ፍሬን በጋለ ታምቡር ላይ አትሳቡ፣ ውሃም አትድፉበት፤ ይሰነጠቃል።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ላላቸው፦ ጋሸና አካባቢ ከፍታው 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ክዳኑን ቀይሩ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የእሱ ሕይወት ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ነው። ዲናሞውና ማራገቢያው በአንድ ቺንጋ ስለሚዞሩ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪ ነው» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ከተማ አትንዱ፣ እዚያው አጥፉ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ይግባ። መለዋወጫ ሁለት ያዙ።

ከደሴ ላሊበላ በጋሸና ደርሶ መልስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቮልስ ዳገት ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 11 ሊትር ይጠጣል እንበል፤ ጋኑ 40 ሊትር ነው። ማደያ ቤንዚን ባይኖረው እያንዳንዱ መኪና 25 ሊትር ተጨማሪ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የዘይት ቢጫ ጀሪካን ለዚህ አይሆንም፤ ያብጣል፣ ክዳኑም ይተነፍሳል። የብረቱን ያዙ፣ ተሳፋሪ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። ከጀሪካን ሲቀዳ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ አለዚያ ካርቡሬተሩ ቆሻሻ ይውጣል።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ። በጎኑ የተጻፉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመተ ምሕረቱን ይነግራሉ፤ 2312 ማለት በ2012 (በአውሮፓ) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቆሞ የኖረ መኪና ጎማው ጥርስ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ሁለት ከለመዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ መለጠፊያና የእግር ፖምፓ አይቅሩ።

አሰላለፉን በተመለከተ ቀርፋፋው መኪና ፊት ይሁን። ፈጣኑ ከመራ ሌላው ዳገት ላይ ሞተር አግሎ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አግሎ ይከተለዋል። እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ያለውን በስፖኪዮ ይጠብቅ፤ ከጠፋበት ይቁም። በመጨረሻ የሚመጣው መካኒክ የያዘው መኪና ነው፤ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ የማስተር ጎሚኒ፣ የፍሪሲዮን ገመድና የመጎተቻ ገመድ እሱ ጋ ይሁኑ። ከ12 ሰዓት ንጋት ተነስቶ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መግባት ይሻላል፤ በገና ሰሞን ምእመናን በእግራቸው መንገዱን ዳር ይዘው ስለሚጓዙ ባለ 6 ቮልት መብራት በምሽት አያሳያቸውም። የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ ደግሞ በየከተማው መናኸሪያ በዚያው ቀን ከመጡ ሹፌሮች ጠይቁ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም።

ከደሴና ከኮምቦልቻ መካኒኮችና ሹፌሮች