ሲ ዋን በቴሌግራም

የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ነሽልኝ? ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ! መልእክትሽ የደረሰኝ ተረኛ ሆኜ ስለነበር በጥድፊያ ነው ያነበብኩት፤ "እኔ ከሄድኩ በኋላ እንዴት ተማራችሁ?" ያልሽው ግን አሳቀኝ። በቴሌግራም ነዋ!

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል እኛ ሲ ዋኖች፣ ማለትም ሆስፒታል ገብተን መማር የጀመርን የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል ተማሪዎች፣ ስቴቶስኮፕ አንገታችን ላይ ማንጠልጠል ከጀመርን ገና ምኑም አልነበር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹ ኢንተርኖች ሆስፒታል ቀሩ፣ እኛ ሻንጣችንን ሸክፈን ወደየቤታችን። አንቺ በዚያው የዲቪ ዕድልሽን ይዘሽ አሜሪካ በረርሽ፣ እኔ ወልድያ እናቴ ጋ ገባሁ። ከዚያ ስላይዱ በፒዲኤፍ ይመጣል፣ መምህሩ ድምፁን ቀድቶ ያስከትላል። ዙምም ተሞክሮ ነበር፤ "ይሰማል?" "አይሰማም" ስንባባል ሰዓቱ ያልቃል። እኔ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ሁሉ ሰው ሲተኛ አወርድና ቀን አጠና ነበር፣ እሱም ቢሆን ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተዘጋና ለሦስት ሳምንት ያህል ቀጥ አለ።

የሚገርምሽ ግን ሌክቸሩ ብዙም አልጎዳኝም። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠን እንዴት እንደምናንቀላፋ ታውቂዋለሽ፤ ቤት ሆኜ ያልገባኝን መልሼ መልሼ እሰማዋለሁ። ፋርማኮሎጂን የወደድኩት ያኔ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ዛሬም ቢሆን ስላይድ ሲነበብልኝ ለመዋል አዳራሽ ግቢ ቢሉኝ እምቢ ነው የምለው።

ችግሩ እጅና ጆሮ ላይ ነው። ሚትራል ስቴኖሲስን ውሰጂ። አገራችን ውስጥ በረማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ስንት ወጣት የልብ በሩ ጠቦበት ይመጣል፤ የዚያን መርመር፣ ደሙ በጠበበው በር ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ፣ ቅጂ ልከውልን ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ብሰማ ብሰማ ምንም የለም። ለካ ድምፁ በጣም ወፍራም ስለሆነ የስልክ ስፒከር አያወጣውም፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይፈልጋል። ግቢ ስንመለስ አንዲት ልጅ ዋርድ ተኝታ ነበር። ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ በግራ ጎኗ አስተኛት፣ የስቴቶስኮፑን ቤል (ጎድጓዳውን ጎን) ኤፔክሱ (የልቧ ጫፍ) ላይ እንዳደርግ ነገረኝና እጄን በሁለት ጣቱ ቀለል አደረገው። ከተጫንሽው ይጠፋል። ቀለል ሲል ከሩቅ እንደሚጎተት ጋሪ "ድርርር" አለኝ! ይኼን የትኛው ፒዲኤፍ ይነግርሻል?

እናንተም ጋ በዚያው ሰሞን የሕክምና ተማሪዎችን ከዋርድ አስወጥተዋቸው ነበር፣ ስለዚህ የድህነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ የባከነውን ጊዜ እናካክስ ተብሎ ዋርዱ ላይ የምንቆይበት ሰዓት አጠረ፣ በስልክ የተማርነው ሌክቸር ደግሞ እንደገና አዳራሽ ተሰጠን። መቀነስ የነበረበት ሌክቸሩ ነበር እኮ!

አሁን ተማሪዎች እኔ ዘንድ ሲመጡ ድምፁን ማታ እልክላቸዋለሁ፣ "በማዳመጫ ስሙት" እላቸዋለሁ፣ ጠዋት አልጋው ጋ ወሬ የለም፣ መዳሰስና ማዳመጥ ብቻ። ታማሚዋ እሺ ካለች ማለቴ ነው፤ አንዳንዴ ሰልችቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ እንተዋለን።

አንቺ እዚያ ጥራት ያለው የልብ ድምፅ ቅጂ ካገኘሽ ላኪልኝ። ፋይሉ ግን ከባድ እንዳይሆን፣ የዚህን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ። እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውዪ፤ እማዬም "ያቺ ልጅ ጠፋች" እያለች ነው።