ሰኞ ስልጠናው ላይ ተመልሰሽ ግቢ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ብቻ ከቤት አላስወጣ ብሎኛል። ቅዳሜ ገበያ ከሄድኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ወንድምሽ ነግሮኛል። እሱን እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ ካልነገርከኝ ብዬ ያስጨነቅሁት። መሥሪያ ቤትሽ ግዢውን ሁሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲስተም ሊያዞር ስልጠና ጠርቶ፣ አንቺ በሁለተኛው ቀን ብድግ ብለሽ ወጣሽ አሉ። ብቻሽንም አይደለም፣ አራት ሰው ተከትሎሽ ወጥቷል። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ የአንቺ መውጣት አይደለም፣ እነዚያ አራቱ ናቸው።

የተናደድሽበት ነገር ይገባኛል። ዓርብ ማታ በቴሌግራም ማስታወቂያ ለጥፎ ሰኞ ጠዋት ኑ ማለት ደግ አሠራር አይደለም። አሥር ዓመት የሠራሽበትን ሥራ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብሎ የጠየቀሽ የለም። በዚህ ከአንቺ ጋር ነኝ። ግን አኩርፈሽ አትውጪ።

የአጎትሽ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማኔጅመንት የሚያስተምረው፣ እሑድ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነበር። ስምሽን ሳላነሳ ጠየቅሁት። አርሜናኪስ የሚባል ምሁር አለ አለኝ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሠራተኛ ለለውጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ሰው ከልቡ ለለውጥ የሚነሳው አምስት ነገር ሲመለስለት ነው ይላል። ለውጡ በእውነት ያስፈልጋል ወይ? የመጣው መላ ትክክለኛው ነው ወይ? እኔ እችለዋለሁ ወይ? አለቆቹ ከልባቸው ናቸው ወይስ የአንድ ሰሞን ግርግር ነው? ለእኔስ ምን ይዞልኝ ይመጣል?

ደግመህ በለው አልኩት። አራተኛዋ ላይ ሠራተኛን አልወቅስም። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንት የአሠራር ለውጥ አየን፤ ቢፒአር ሲባል አየን፣ ቢኤስሲ ሲባል አየን፣ ካይዘን ሲባል አየን። አንዱን ሳንጨርስ ሌላው ሲመጣ «ይሄም ያልፋል» ብለን መቀመጥ ለመድን። እኔን የጣለችኝ ግን ሦስተኛዋ ናት። እችለዋለሁ ወይ? ይህን ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም፣ አባትሽም ሳያውቀው ነው ያረፈው።

አልጋ ሥር ያለችውን ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ታውቂያታለሽ፣ ፊደል የለየሽባት ናት። በ1972 ዓ.ም. ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር የተሰጠችኝ እሷው ነበረች። 231 ፊደል ታይፕ ላይ አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ የፊደሉን አካል ትመቺያለሽ፣ ከዚያ እግሩን ወይ ቀለበቱን ትቀጥይበታለሽ። አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ነው። እኔ ይህን ዓይኔን ከረቂቁ ሳላነሳ እመታው ነበር፣ አራት ወረቀት ከነካርቦኑ፣ ያለ አንድ ስርዝ። ኃላፊዎቹ አስቸኳይ ደብዳቤ ሲኖራቸው እኔን ነበር የሚጠሩ።

በ1994 ኮምፒውተር መጣ። ዳንቴል ሠርተን አለበስነው፣ ሦስት ወር ማንም ሳይነካው ከረመ። ከዚያ አንድ ወጣት ልጅ ሊያሠለጥነን መጣ። ማውሱን ያዢ አለኝ፣ ያዝኩ። ቀስቷ ከመስታወቱ ጥግ ሄዳ ጠፋችብኝ። ማውሱን ከጠረጴዛው አንስቼ አየር ላይ አንቀሳቀስኩት። ከኋላዬ አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ዛሬ ሳስበው። ያኔ ግን ፊቴ እሳት ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሴት በልጅ ፊት! «ዓይኔን አሞኛል» ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። በረንዳ ላይ ደግሞ ለጓደኞቼ «ይሄ መጫወቻ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ወደ እኛው ይመጣሉ» አልኳቸው። ሦስቱ እኔን አምነው ቀሩ።

በ2001 ድልድል ሲወጣ ታይፒስት የሚባል መደብ አልነበረም። እኔን መዝገብ ቤት ጣሉኝ። ፋይል ስሸከም ኖሬ ከዚያው ጡረታ ወጣሁ። እኔ ስወጣ እያለቀሰችም ቢሆን ስልጠናው ላይ የቆየችው ባልደረባዬ ግን ሴክሬታሪ ሆና አደገች፣ ታውቂያታለሽ፣ ለምረቃሽ ድፎ ይዛ የመጣችው። የእኔስ ይሁን። ከሦስቱ አንዷ አራት ልጅ ነበራት። ደመወዟ ባለበት ቀረ፣ ልጇንም ከግል ትምህርት ቤት አስወጣች። ቅዳሜ ገበያ ስንገናኝ ጉንጬን ስማ ነው የምትለቀኝ። አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ባለፈው ጥምቀት መጥተሽ ስልኬ ላይ አማርኛ መጻፍ ያሳየሽኝ ጊዜ፣ አካሉን ንኪ፣ ከዚያ አናባቢውን ምረጪ አልሽኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። የኔዋ ኦሊቬቲ እኮ ናት! ያ ልጅ በ1994 ሊያሳየኝ የነበረው ይህንኑ ነው። የፈራሁት የማውቀውን ነገር ነበር ልጄ። አንቺም ግዢ ታውቂያለሽ፣ ዋጋ ማወዳደር ታውቂያለሽ፣ የጨረታ ሰነድ ታውቂያለሽ። ሲስተሙ ይህን ከጭንቅላትሽ አይወስደውም። አኩርፈሽ አትውጪ።

ሰኞ ተመልሰሽ ግቢ። ፊት ለፊት ተቀመጪ። አላውቅም በይ፣ ጮክ ብለሽ፣ አሠልጣኙ ልጅ ቢሆንም። ቅሬታሽን በጽሑፍ አድርጊው። ወረቀቱና ሲስተሙ ጎን ለጎን እስከ መቼ ይሄዳሉ? ሲስተሙ ሲቆም ማን ነው የሚጠራው? የማን መደብ ይነካል? ቁጥርና ቀን አስይዢበት፣ ግልባጩን ለራስሽ አስቀሪ። የምትጠይቂው ግን ወንበርሽ ላይ ሆነሽ ነው።

እነዚያን አራቱን ደግሞ አንቺ ነሽ የምትመልሻቸው፣ በቁጣ ሳይሆን። የአጎትሽ ልጅ ሌዊን የሚባል ሌላ ሰውም አንስቶልኝ ነበር፣ ከመግፋት ይልቅ የያዘውን ነገር ማላላት ይበልጣል የሚል። እውነቱን ነው። ፍየል በገመድ ታስራ ሳለ ከኋላ ብትገፊያት ትታነቃለች እንጂ አትሄድም። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ቡና ጋብዘሽ የያዛቸውን ጠይቂ። አንዱን ዓይኑ ይሆናል የያዘው፣ አንዷን ደግሞ እንደ እናትሽ ሀፍረት። በሰው ፊት አታስወጪባቸው።

በርበሬውንና ሽሮውን በሐሙሱ አውቶቡስ ልኬያለሁ። በርበሬው ውስጥ ያለችውን ትንሿን ጠርሙስ እንዳትሰብሪያት፣ ለጋ ቅቤ ናት። መነጽርሽንም አሠሪ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ልትውይ ነው።

ሰኞ ማታ ደውዪልኝ። ስንቶቹ አብረውሽ እንደተመለሱ ንገሪኝ።

እናትሽ
ከጎንደር