የኮምፒውተር ፕሮግራም መስኮት ሲጠፋ ወይም ሲንቀጠቀጥ

ለጅማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አባሎቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ፕሮግራሙ ከታች አሞሌው ላይ እየታየ መስኮቱ ከጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ ፕሮጀክተር ወይም ሁለተኛ ስክሪን ሲነቀል መስኮቱ እዚያው ቀርቶ ነው። ፕሮግራሙን ምረጡና አልትንና ስፔስን አብራችሁ ተጫኑ፤ ቀጥሎ ኤም፣ ከዚያ አንድ የቀስት ቁልፍ ተጭናችሁ ማውሱን አንቀሳቅሱ፤ መስኮቱ ተከትሎት ይመጣል። ኤም እምቢ ካለ መስኮቱ ስክሪን ሙሉ ተከፍቷል ማለት ነውና አስቀድማችሁ አርን ተጫኑ።

የሚንቀጠቀጥ ወይም ጽሑፋችሁን የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ከጀርባ ሌላ ፕሮግራም እየገባበት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሁለት የአማርኛ መጻፊያዎች አብረው ተከፍተው እንደሆነ እዩ፤ ሁለቱም ቁልፎቹን ይሻማሉ፣ አንዱን ዝጉ።

ካልተስተካከለ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭናችሁ ኤምኤስኮንፊግን (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) በእንግሊዝኛ ፊደል msconfig ብላችሁ ጻፉና ክፈቱ። በአገልግሎቶች (Services፣ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ገጽ ላይ በቅድሚያ የማይክሮሶፍቶቹን ደብቁ (ይህ አይዘለልም፣ ያለዚያ ዊንዶውስ ራሱ የሚፈልገውን ታጠፋላችሁ)፣ የቀሩትን አጥፍታችሁ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱ። ችግሩ ከቆመ ግማሾቹን መልሱና እንደገና አስነሱ፤ ችግሩ ከተመለሰ ጥፋተኛው ከመለሳችኋቸው ውስጥ፣ ካልተመለሰ ከቀሩት ውስጥ ነውና ያንኑ ክፍል እያጋመሳችሁ ቀጥሉ፤ 16 ቢሆኑ እንኳ በ4 ዙር ጥፋተኛው ይለያል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚከፈቱትን ፕሮግራሞችም በታስክ ማናጀር (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) እንዲሁ ፈትሹ።

በዚህ መሀል ፕሪንተር ሊቆም ስለሚችል ደንበኛ በሚበዛበት የገበያ ቀን አትጀምሩት።